የጥበብ ትምህርት ቤት ለልጄ ይስማማል ወይ? ተሰጥኦን ሳይሆን ልምምድን መመዘን

በብዙ የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ልጅ 8ኛ ክፍል ሲደርስ ወላጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲመርጥ ይጠየቃል። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተምሮ ላደገ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ምርጫው ራሱ እንግዳ ነገር ነው፤ ከምርጫዎቹ መካከል ሙዚቃን፣ ቴያትርንና ዳንስን ከሒሳብና ከሳይንስ ጎን ለጎን በነፃ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት መኖሩ ደግሞ ይበልጥ ያስገርመዋል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኒው ዮርክ፣ ባልቲሞር፣ ዳላስና ሂውስተን እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አሏቸው። ልጁ «እዚያ ልግባ» ያለ ዕለት ቤት ውስጥ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን ጥበብ እንጀራ አይሆንም ብሎ ነገሩን ገና ከጅምሩ ይዘጋዋል። ሌላኛው ልጁ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ወይም ሠርግ ላይ እስክስታ ሲመታ ያገኘውን አድናቆት ይዞ፣ ተሰጥኦ ካለው ምን ይጠበቃል ይላል። አንዱ የሚያየው የዛሬ አሥር ዓመቱን ደመወዝ ነው፤ ሌላው የሚያየው የዛሬውን ጭብጨባ ነው። በዚህ ዳሰሳ የምሟገተው ሁለቱም ማየት ያለባቸውን አላዩም ብዬ ነው። ትምህርት ቤቱ ለልጁ መስማማት አለመስማማቱን የሚወስነው፣ ልጁ ማንም ሳያየው ከሚያደርገው የዕለት ልምምድ ጋር ያለው ፍቅር ነው፤ ቀጥሎም ቤተሰቡ ያንን ኑሮ አራት ዓመት ሙሉ ለመሸከም ያለው አቅም ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩን ከታሪክ ልጀምር፤ ምክንያቱም «የጥበብ ትምህርት ቤት» እየተባሉ በአንድ ስም የሚጠሩት ተቋማት ከአንድ ሐሳብ የተወለዱ አይደሉም። ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ በ1936 ኒው ዮርክ ውስጥ የሙዚቃና የሥነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ሲያቋቁሙ፣ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች የቀለም ትምህርታቸውን ሳያጓድሉ ጥበባቸውን እንዲያሳድጉ ነበር ያሰቡት። በ1948 የተከፈተው የክዋኔ ጥበባት ትምህርት ቤት መነሻው ሌላ ነው። ፍራንክሊን ኬለር የተባሉ የሙያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ሌሎች ወጣቶች የእጅ ሙያ ተምረው ሥራ እንደሚይዙ ሁሉ ትወናን፣ ዳንስንና ሙዚቃን በሙያነት ተምረው የሚወጡ ወጣቶች ይኑሩ ብለው ነው የጀመሩት። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በ1961 በአስተዳደር ተዋሐዱ፤ በ1984 ደግሞ ሊንከን ሴንተር አጠገብ በተሠራው ሕንፃ ተጠቃልለው ዛሬ በላጓርዲያ ስም የሚታወቀውን ትምህርት ቤት መሠረቱ። ሕንፃው አንድ ቢሆንም ሁለቱ ሐሳቦች ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንደተከራከሩ ናቸው። በ2019 የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሕንፃው ውስጥ ቁጭ ብለው ተቃውሞ ያሰሙት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ለቅበላ የክፍል ውጤት ከኦዲሽን (ከመግቢያው የችሎታ ማሳያ ፈተና) በላይ ክብደት እየተሰጠው ነው፣ የጥበቡ ሰዓትም እየተጣበበ ነው አሉ። ርዕሰ መምህሯም ብዙ ሳይቆዩ ቦታውን ለቀቁ። የዚያ ትምህርት ቤት ወላጆች በጉዳዩ ላይ አንድ አቋም አልነበራቸውም፤ ልጁን ለቀለም ትምህርቱ ጥራት ብሎ የላከና ለመድረኩ ብሎ የላከ ወላጅ ከአንድ ትምህርት ቤት የሚጠብቀው ነገር የተለያየ ነውና።

የዋሽንግተኑ ዱክ ኤሊንግተን የጥበባት ትምህርት ቤት ደግሞ ሦስተኛ መነሻ አለው። ፔጊ ኩፐር ካፍሪትዝና ማይክ ማሎን በ1968 ለከተማዋ ጥቁር ወጣቶች የጥበብ ሙያ ዎርክሾፕ የጀመሩት፣ እነዚህ ልጆች ወደ ትልልቆቹ የሙዚቃና የዳንስ ተቋማት የሚያደርስ መንገድ ስላልነበራቸው ነው። ከዚያ ሥራ በ1974 ትምህርት ቤቱ ወጣ። ያረፈው በጆርጅታውን፣ ቀድሞ ዌስተርን ሃይስኩል ይባል በነበረው ሕንፃ ሲሆን፣ ከረጅምና ውድ እድሳት በኋላ በ2017 እንደገና ተከፍቷል። የኦፔራ ዘፋኟ ዴኒስ ግሬቭስና ኮሜዲያኑ ዴቭ ሻፔል የዚህ ቤት ምሩቆች ናቸው። ወላጆች እንዲህ ያሉ ስሞችን ሲሰሙ ልባቸው ይሞቃል፤ ስሞቹ ግን ለውሳኔ የሚረዱ ማስረጃዎች አይደሉም። ከተመረቁት ብዙ ሺህ ተማሪዎች መካከል በስም የሚጠሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በሌላ በኩል አል ፓቺኖ የኒው ዮርኩን የክዋኔ ጥበባት ትምህርት ቤት ሳይጨርስ ነው አቋርጦ የወጣው። ከአንዱ ታሪክ ትምህርት ቤቱ ኮከብ ያወጣል፣ ከሌላው ደግሞ ትምህርት ቤቱ አያስፈልግም የሚል መደምደሚያ ማውጣት ይቻላል፤ ሁለቱም መደምደሚያዎች ስለ እናንተ ልጅ የሚናገሩት የለም።

ስለ ልጃችሁ የሚናገረው የትምህርት ቤቱ ተራ ቀን ነው። የዋሽንግተን ዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ለመመረቅ 24 ክሬዲት ማሟላት አለበት፤ አራት ዓመት ሒሳብ፣ አራት ዓመት ሳይንስ፣ አራት ዓመት እንግሊዝኛ፣ አራት ዓመት ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ከዚያም የውጭ ቋንቋና ሌላውም አለ። የጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ከዚህ አንዱንም አይቀነስለትም፤ የጥበቡ ትምህርት የሚመጣው በላዩ ላይ ተደርቦ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቀኑ ረጅም ነው። የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ቤታቸው ሲገቡ እሱ ገና ልምምድ ላይ ነው። ትርዒት ሲቃረብ ምሽቱና ቅዳሜውም ይጨመራል። በእነዚህ ሰዓቶች ውስጥ የሚሠራው ነገር መድረክ ላይ የሚታየውን አይመስልም። የዳንስ ተማሪ አንድ የእግር አነሣሥን ለሳምንታት ይደጋግማል። የቫዮሊን ተማሪ ስኬሉን በዝግታ፣ በሜትሮኖም፣ አንድ ስህተት እስኪጠፋ ይመላለስበታል። የትወና ተማሪ አንድ ገጽ ንግግር ይዞ ስለ ገጸ ባሕርዩ ፍላጎት ሲጠየቅ፣ ሲታረም፣ እንደገና ሲጀምር ይውላል። ጭብጨባው በዓመት ጥቂት ምሽቶች ነው፤ የቀረው እርማት ነው። ልጁን የሚያስደስተው ጭብጨባው ብቻ ከሆነ አራት ዓመቱ በጣም ይረዝምበታል።

ይህን የምለው ከግምት ተነሥቼ አይደለም። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይና ባልደረቦቹ በ1993 ያሳተሙት ጥናት በሙዚቃ፣ በሥዕል፣ በስፖርት፣ በሒሳብና በሳይንስ ተሰጥኦ አላቸው የተባሉ ከ200 በላይ የቺካጎ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተከታትሏል። ለተማሪዎቹ ፔጀር ተሰጣቸው፤ በቀን ውስጥ ባልታሰበ ሰዓት ሲጮህ ምን እያደረጉና ምን እየተሰማቸው እንደሆነ ይጽፉ ነበር። ሁሉም ችሎታ ነበራቸው፤ ግን አንዳንዶቹ ተሰጥኦአቸውን አሳደጉ፣ ሌሎቹ ተዉት። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች ዋነኛው፣ በሥራው መሐል እያሉ በሥራው መደሰታቸው ነበር። ለወደፊቴ ይጠቅመኛል የሚለው ሐሳብ ብቻውን አላቆያቸውም። ቤታቸውም ድርሻ ነበረው፤ የቆዩት ልጆች የሚደግፋቸውም የሚገፋቸውም ቤተሰብ ነበራቸው፣ አንዱ ያለ ሌላው አልበቃም። ስለ ባለ ተሰጥኦ ልጆች ብዙ የጻፈችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤለን ዊነርም ተመሳሳይ ነገር ታስቀምጣለች። እነዚህን ልጆች ከሌሎቹ የሚለያቸው ቶሎ መማራቸው ብቻ አይደለም፤ ማንም ሳይገፋቸው ነገሩን ጠንቅቀው እስኪይዙት የማያስተኛቸው እልህ አላቸው።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል፤ አግባብም ነው። አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ባደረጉት የታወቀ ጥናት፣ ምርጦቹ እስከ 18 ዓመታቸው በአማካይ ከ7,000 ሰዓት በላይ ብቻቸውን እንደተለማመዱ፣ ወደ መምህርነት ያመሩት ደግሞ ወደ 3,400 ሰዓት ገደማ እንደነበሩ አሳይተዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለው ልምምድ በባሕርዩ አስደሳች አይደለም ብለዋል። ታዲያ ልጄ ልምምድ ሲያስጠላው ማየቴ ምን ይነግረኛል? መልሴ ስልችት የሚለውን ልጅና የማይመለሰውን ልጅ መለየት ያስፈልጋል የሚል ነው። ሁሉም ልጅ አንዳንድ ቀን ይሰለቻል። ወላጅ ልብ ማለት ያለበት ከስልችቱ ማግስት የሆነውን ነው። ልጅቷ የከበዳትን ክፍል ሳትታዘዝ ራሷ እንደገና ትከፍተዋለች ወይ? ስህተቷን ሲነግሯት ትቆጣለች፣ ግን ታስተካክላለች ወይ? ሌሎች የሠሩትን አይታ «እንዴት አደረገችው?» ትላለች ወይስ «ከእኔ ትሻላለች?» ብቻ ነው የምትለው? ስልኳ ላይ የምታየው የሙያዋን ሰዎች ሥራ ነው ወይስ የሰዎቹን ዝና? እነዚህን ነገሮች ወላጅ ያለ ባለሙያ፣ ያለ ፈተና፣ በቤቱ ሆኖ ለስድስት ወር ሊያስተውል ይችላል፤ የሚያገኘው መረጃ ከማንኛውም ኦዲሽን ይበልጣል።

በተቃራኒው ተሰጥኦን ቀድሞ የማየት ችሎታችን ደካማ ነው። ቤንጃሚን ብሉም በ1985 ባወጡት ጥናት በዓለም ደረጃ የታወቁ 120 ሰዎችን፣ ከእነርሱም የፒያኖ ባለሙያዎችንና ቀራጺዎችን፣ የልጅነት ታሪክ መርምረው ነበር። ብዙዎቹ በ11 ወይም በ12 ዓመታቸው ያያቸው ሰው እዚያ ደረጃ ይደርሳሉ ብሎ ሊተነብይ የሚችል ልጆች አልነበሩም። የመጀመሪያ አስተማሪዎቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ ታላላቅ ሊቃውንት ሳይሆኑ ልጁ ነገሩን እንዲወድ ያደረጉ ደግ ሰዎች ነበሩ። ልምምድም ቢሆን ሁሉን አይገልጽም። በ2014 ብዙ ጥናቶችን አጣምሮ የመረመረ የብሩክ ማክናማራ ሥራ፣ በሙዚቃ ሰዎች መካከል ካለው የችሎታ ልዩነት ልምምድ የሚገልጸው 21 በመቶ ገደማ ነው ይላል። የቀረው ከየት እንደሚመጣ ሙሉ በሙሉ አይታወቅም። እንግዲህ የ13 ዓመት ልጅ «አላት ወይስ የላትም?» የሚለው ጥያቄ የትኛውም ዳኛ በእርግጠኝነት የማይመልሰው ከሆነ፣ ውሳኔውን በእርሱ ላይ መመሥረት ትክክል አይመስለኝም። ፍላጎቷና ትጋቷ ግን ዛሬ ይታያሉ።

ኦዲሽንም ከዚሁ አንጻር መታየት አለበት። ኦዲሽን የሚለካው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚታይን ዝግጅት ነው። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ በግል አስተማሪ የተማረ ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ ባዋሰው መሣሪያ ካለፈው ዓመት ወዲህ ከጀመረ ልጅ የተሻለ ቢጫወት አያስገርምም። ጥሩ ዳኞች ይህን ስለሚያውቁ ልጁ እርማት ሲሰጠው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀበል ለማየት ይሞክራሉ፤ ሆኖም ሁሉም ቦታ እንዲህ ይደረጋል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ያላለፈ ልጅ ችሎታ የለውም ተብሎ ሊነገረው አይገባም። ያለፈ ልጅም ወላጆቹ «ተመርጧል፣ እንግዲህ መግባት አለበት» ብለው ሊገፉት አይገባም። ማለፉ የሚናገረው ትምህርት ቤቱ ልጁን እንደፈለገው ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤቱን ይፈልገው እንደሆነ ገና አልተመለሰም።

ልጆችን ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች ለመላክ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ ሌላ ምክንያት አለ፤ ጥበብ አእምሮን ይስላል፣ የሒሳብና የፈተና ውጤትን ከፍ ያደርጋል የሚለው። ይህን ወላጆች በቀላሉ ባይቀበሉት እመርጣለሁ። ኤለን ዊነርና ሎይስ ሄትላንድ በ2000 ያሉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ጥበብ የሚማሩ ልጆች በፈተና የተሻሉ መሆናቸውን አገኙ፤ ጥበቡ ውጤቱን እንዳሻሻለው የሚያሳይ አጥጋቢ ማስረጃ ግን አላገኙም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) በ2013 ያሳተመው ሰፊ ግምገማም ከዚህ ብዙ አልራቀም። በሌላ በኩል በሂውስተን በ42 አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከ10,000 በላይ ተማሪዎች ላይ በዕጣ በተደለደለ ሙከራ የተሠራና በ2019 የታተመ ጥናት፣ ተጨማሪ የጥበብ ትምህርት ያገኙ ልጆች የዲሲፕሊን ጥፋታቸው በ3.6 መቶኛ ነጥብ እንደቀነሰ፣ የጽሑፍ ውጤታቸውና ለሌሎች ያላቸው ርኅራኄም እንደተሻሻለ አሳይቷል። ይህ በቁም ነገር የሚወሰድ ግኝት ነው። ግን ጥናቱ ስለ ተራ ትምህርት ቤቶች እንጂ ስለ ልዩ የጥበብ ሁለተኛ ደረጃ አይደለም፤ እንዲያውም እያንዳንዱ ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ጥበብ ቢማር ይጠቅመዋል የሚለውን ነው የሚደግፈው። ልጁን በሒሳብ ለማሻሻል የሚፈልግ ወላጅ የሒሳብ አስጠኚ ይፈልግለት። ልጅን ወደ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመላክ በቂው ምክንያት ጥበቡ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ፣ ወደ እንጀራው ልምጣ። በእኛ ዘንድ ይህ ተቃውሞ ሁለት ሥር አለው። አንደኛው አዝማሪን ሠርግ ላይ እያስዘፈኑ ሴት ልጅ የማይድሩለት የቆየ ንቀት ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፣ በደል ስለነበረ መቅረቱ መልካም ነው። ሁለተኛው ግን ክብር የሚገባው ነው። ሌሊት ታክሲ እየነዳች፣ ሆስፒታል በፈረቃ እየሠራች፣ ልጇ እሷ ያየችውን እንዳያይ የምትለፋ እናት ስለ ደመወዝ ብትጠይቅ ትክክል ናት። እውነቱንም መደበቅ የለብንም፤ በአሜሪካ ብሔራዊ የጥበባት ድጋፍ ተቋም መረጃ መሠረት የጥበብ ሰዎች በግላቸው የመሥራት ዕድላቸው ከሌላው ሠራተኛ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በግሉ የሚሠራ ሰው ደግሞ ቋሚ ደመወዝ፣ የጤና መድን፣ ጡረታ የሚሰጥ ቀጣሪ የለውም። በ2020 ቴያትር ቤቶች ሲዘጉ የዚህ ኑሮ አደጋ በግልጽ ታይቷል። ሆኖም ተቃውሞው አንድ ነገር ያምታታል፦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምረጥንና ሙያ መምረጥን። ከጥበብ ትምህርት ቤት የሚወጣው ልጅ የሚይዘው ዲፕሎማ ሌላው የሚይዘውን ነው፤ ነርስነት፣ ሕግ ወይም ኮምፒዩተር ሊማር የሚከለክለው የለም፣ ብዙዎቹም ወደዚያ ይሄዳሉ። የኢኮኖሚው ከባድ ውሳኔ የሚመጣው በ18 ዓመት፣ ለሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ወይም ለቴያትር ኮሌጅ ከፍተኛ ብድር ልግባ ወይ በሚባልበት ጊዜ ነው። ወላጅ ጥብቅ መሆን ያለበት እዚያ ላይ ይመስለኛል፤ በ14 ዓመት በነፃ ትምህርት ቤት ላይ ያንኑ ያህል መፍራት ፍርሃቱን ያለ ቦታው ማዋል ነው።

በዚህ ላይ አንድ የተዘነጋ ክፍል አለ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከሙዚቃ፣ ከዳንስና ከትወና ሌላ የመድረክ ቴክኒክ ክፍል አላቸው፤ መብራት፣ ድምፅ፣ የመድረክ ግንባታ፣ አልባሳት፣ የመድረክ አመራር የሚያስተምር። ላጓርዲያም ኤሊንግተንም ዘንድ አለ። እጁ ሥራ የሚወድ፣ ኤሌክትሪክና ኮምፒዩተር የሚስበው፣ ሰው ፊት መቆም የማይፈልግ ልጅ እዚያ ሙሉ ቦታ ያገኛል፤ የሚማረው ነገርም ከኮንሰርት አዳራሽ እስከ ስብሰባ ማዕከልና ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚፈለግ ሙያ ነው። ሐበሻ ወላጆች ይህን ክፍል እምብዛም አይጠይቁም። ቢጠይቁ ጥሩ ነበር።

የቀለም ትምህርቱ ይዳከማል የሚለው ስጋት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ አጠቃላይ መልስ የለውም፤ በስም ሳይሆን በጥያቄ ይጣራል። ልጁ ወደ ምሕንድስና ወይም ወደ ሕክምና ሊያዘነብል የሚችል ከሆነ ካልኩለስና ፊዚክስ በየዓመቱ ይሰጣሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአንድ የላቀ የሒሳብ ክፍልና ከኦርኬስትራ ልምምድ ሰዓት አንዱን ለመምረጥ የተገደደ ተማሪ አለ ወይ? ተማሪዎች በአማካይ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ቀላል ሊታይ ይችላል፤ ረጅም ቀን፣ ረጅም መንገድና የቤት ሥራ ተደማምረው ቀድመው የሚበሉት ግን እንቅልፍን ነው። በተለይ የዳንስ ተማሪ ላይ የእንቅልፍና የምግብ እጥረት ጉዳት ያመጣል፤ ስለ ሰውነት ቅርጽ የሚደረግ ጫና ስላለም፣ ትምህርት ቤቱ ጉዳትና የአመጋገብ ችግር ሲያጋጥም ምን እንደሚያደርግ ወላጅ ሳያፍር መጠየቅ አለበት።

በ13 ዓመት መወሰን ገና አይደለም ወይ? ለአንዳንዱ ገና ነው፣ ለአንዳንዱ ዘግይቷል። ባሌት ዳንስን በሙያ ለሚፈልግ ልጅ ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዓመቱ በፊት ስለሚጀመር 14 ዓመት ቀድሞ የተጀመረን ማጠናከሪያ እንጂ መነሻ አይደለም። ቫዮሊንና ፒያኖም ወደዚያው ይጠጋሉ። ድምፅ ግን የዘገየ ነው፤ በተለይ የወንዶች ድምፅ በዚያ ዕድሜ ስለሚለወጥ አስተዋይ መምህር ከባድ ዘፈን አይጭንበትም፣ ስለዚህ በ14 ዓመቱ ያልገባ ዘፋኝ ብዙ አላመለጠውም። ትወና በ14ም በ20ም ይጀመራል። ለልጁ «ሐሳብህን ብትለውጥስ?» የሚል ወላጅ፣ ሐሳብ መለወጥ ውድቀት አይደለም የሚለውን አስቀድሞ ሊነግረውና ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት መመለስ እንዴት እንደሚቻል ትምህርት ቤቱን ሊጠይቅ ይገባል። ሁለት ዓመት ክላሪኔት ተምሮ የተመለሰ ልጅ ክሬዲቱም ሙዚቃውም ከእርሱ ጋር ናቸው።

የቤተሰቡ አቅም ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ የጊዜና የአድራሻ ጉዳይ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚኖሩት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ማለትም ከከተማዋ ድንበር ውጭ ነው። የዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለዲሲ ነዋሪ ነፃ ነው፤ ነዋሪ ያልሆነ ቦታ ከተረፈ ብቻ፣ ያውም ከፍሎ ነው የሚማረው። የዘመድ አድራሻ መስጠት ቀላል መውጫ የሚመስላቸው አሉ፤ በ2018 በኤሊንግተን የተደረገው የነዋሪነት ማጣራት ግን ብዙ ቤተሰቦችን ወደ ምርመራ ወስዶ ነበር። ልጅን እንዲህ ያለ ጭንቀት ውስጥ መክተት አይገባም፤ አማራጭም አለ። በፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ የሱትላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእይታና የክዋኔ ጥበባት ማዕከል አለው፤ በቨርጂኒያ የፌርፋክስ አካዳሚ ተማሪው በሰፈሩ ትምህርት ቤት እየቆየ የቀኑን ከፊል ጥበብ እንዲማር ያደርጋል። ዲሲ ውስጥ ለሚኖሩም መንገዱ ይታሰብ፤ ጆርጅታውን የባቡር ጣቢያ የለውም፣ ማታ ልምምድ ሲያልቅ ልጅቷ በአውቶቡስ ትመለሳለች፤ የሚቀበላት ማነው? ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት፣ እሑድ ቅዳሴና ሰንበት ትምህርት ቤት ከትርዒት ጋር ሲጋጩ ቤተሰቡ የቱን ይለቃል? በጾምና በበዓል ቀን ትርዒት ቢወድቅስ? የዳንስ ልብስ ከቤተሰቡ እምነት ጋር የማይሄድ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል ያስተናግዳል? እነዚህ ከመግባት በፊት ካልተነሡ በየሳምንቱ የጠብ ምክንያት ይሆናሉ። ለስብሰባው ደግሞ በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ስላለ፣ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ የማለት መብት አለው። ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ስለ ራሱ ዕጣ መነጋገር ፈጽሞ አይበጅም።

ልዩ ትምህርት ቤት ሳይገባ ልጁ ተሰጥኦው ይቀርበት ይሆን ብሎ የሚፈራ ወላጅም አለ። ሙዚቀኛውን ሙላቱ አስታጥቄን ቤተሰቦቹ ወደ ዌልስ የላኩት ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ሙዚቀኛነቱ የታወቀው በዚያ በነበረበት ተራ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ለንደኑ ትሪኒቲና ወደ ቦስተኑ በርክሊ የሄደው። አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱም ሚሺጋን ውስጥ ካደገች በኋላ ወደ ካላማዙ ኮሌጅ፣ ከዚያም ወደ ሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው የዘለቀችው። ከላይ ዝነኞች ማስረጃ አይሆኑም ያልኩት ለእነዚህም ይሠራል፤ የማነሣቸው መንገዱ አንድ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ያህል ነው። ጥሩ የባንድ መምህር ያለው የሰፈር ትምህርት ቤት፣ ከ1960 ጀምሮ ልጆችን የሚያስተምረው የዲሲ ወጣቶች ኦርኬስትራ ፕሮግራም፣ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ ያለው የሲታር የጥበባት ማዕከል፣ እነዚህ ሁሉ ልጁ አቅሙን በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሞክርባቸው ቦታዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ በጥበብ ማሳለፍ የማይፈልግ፣ ግን ሙዚቃ የሚወድ ልጅ እዚያ ይበልጥ ደስተኛ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ከሁሉም ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ማንም ሳያዝዘው የሚለማመድ፣ ከእርማት በኋላ የሚመለስ፣ ረጅሙን ቀን አይቶ «እሺ» የሚል ልጅ ካላችሁ፣ የነዋሪነቱና የመንገዱ ነገር ከተስተካከለ፣ የወደፊት ደመወዙን ፈርታችሁ አትከልክሉት። ይህ ከሌለ ደግሞ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ኦዲሽኑንም ቢያልፍ፣ አትግፉት። ከመወሰናችሁ በፊት የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤቱን ለማየት የዓመት መጨረሻውን ትርዒት አትጠብቁ። በሥራ ቀን፣ ልምምድ ላይ ያሉ ልጆችን ለማየት ፈቃድ ጠይቁ፤ ልጃችሁ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ አይቶ ሲወጣ ምን እንደሚያወራ አዳምጡ። በዲሲ የምርጫ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ስለሆነና ኦዲሽንም ዝግጅት ስለሚፈልግ፣ ይህን ጉብኝት 8ኛ ክፍል በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አድርጉት።